ጁ ሺግዮንግ፦ ስለ ኮሪያኛው የቋንቋ ሊቅ ሕይወትና ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሪያኛ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ከመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታቸው አንስቶ ፊደሉን ስለ ፈጠሩት ስለ ንጉሥ ሴጆንግ ይሰማሉ፤ ያ ፊደል ዛሬ በምናየው መልክ እንዲጻፍ መንገዱን ስለ ቀየሱት መምህር ግን የሚነገራቸው እጅግ ጥቂት ነው። እኔም ቋንቋውን ስማር የአጻጻፉ ሥርዓት ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱ ከገባኝ በኋላ ግን ቃላቱን መያዝ ቀለለኝ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ጁ ሺግዮንግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን፣ የኮሪያኛ ቃላቱም በእኛ ፊደል ስለ ተጻፉ የተቀራረበውን ድምፅ እንጂ ትክክለኛውን እንደማያሳዩ አንባቢ ልብ ይበል።

ጁ ሺግዮንግ ማን ናቸው?

ጁ ሺግዮንግ ታኅሣሥ 22 ቀን 1876 ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ክልል ውስጥ በሚገኘው የሁዋንግሄ ግዛት፣ ፖንግሳን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በልጅነታቸው አጎታቸው እንደ ልጅ ሊያሳድጓቸው ወደ ሴኡል ወሰዷቸው፤ ከዚያም በኋላ ሕይወታቸው ከዚያች ከተማ አልተለየም። ጋዜጣ አራሚ፣ መምህር፣ የሰዋስው ጸሐፊ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና የቋንቋ ማኅበር መሥራች ሆነው ከሠሩ በኋላ ሐምሌ 27 ቀን 1914 በ37 ዓመታቸው አረፉ። ዘመናዊው የኮሪያኛ ቋንቋ ጥናት ታሪክ ሲጻፍ ከእርሳቸው ስም ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኮሪያን ፊደል የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው?

አይደሉም። ፊደሉ በ1443 በንጉሥ ሴጆንግ ተሠርቶ በ1446 በአዋጅ ለሕዝብ የተገለጠ ሲሆን፣ በጊዜው 28 ፊደላት ነበሩት፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት 24 ናቸው። ይሁን እንጂ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ የመንግሥት ደብዳቤም ሆነ የሊቃውንት መጽሐፍ በቻይና ጽሕፈት ሲጻፍ፣ የአገሬው ፊደል ለሴቶች ደብዳቤ፣ ለልብ ወለድና ለመሳሰለው ተትቶ ነበር። ስሙም «ኦንሙን»፣ ማለትም የተራ ሰው ጽሕፈት ነበር። በ1894 በተደረገው የመንግሥት ማሻሻያ ሕጎችና አዋጆች የአገሩን ፊደል መሠረት አድርገው እንዲጻፉ ታዘዘ፤ ትእዛዙ ሲወጣ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ታየ። ፊደል አለ፣ የሚጽፍ ሰውም አለ፣ አንድ ቃል እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስን ሥርዓት ግን አልነበረም። ሁሉም በጆሮው እንደ ሰማው፣ ወይም ከመምህሩ እንደ ለመደው ይጽፍ ነበር። የጁ ሺግዮንግ የሕይወት ሥራ ይህን ጉድለት መሙላት ነው።

ወደ ቋንቋ ጥናት የገቡት እንዴት ነው?

መነሻው የቻይና መጻሕፍት የሚነበቡበት የመንደር ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ጥንታዊውን የቻይና ጽሑፍ በመጀመሪያ በንባብ ያሰሟቸዋል፤ ልጆቹ ድምፁን ተከትለው ይደግማሉ፣ ትርጉሙ ግን አይገባቸውም። ከዚያ መምህሩ ያንኑ በኮሪያኛ ሲፈቱላቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል። በእኛ አገር ንባቡን በግእዝ አስቀድሞ ትርጓሜውን በአማርኛ የሚያስከትለውን የመጻሕፍት ቤት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ሁኔታ ለመገመት አይቸገርም። የዛፍ ቆራጮች መጥረቢያ ድምፅ የተገለጸበትን አንድ ጥንታዊ ግጥም ሲማሩ፣ ቻይናዊው አገላለጽ ምንም ሳይነግራቸው ቆይቶ መምህሩ በኮሪያኛ የመጥረቢያውን ድምፅ አስመስለው ሲናገሩ ዛፉ ሲቆረጥ የሰሙ ያህል እንደ ተሰማቸው ይተረካል። ወጣቱ ተማሪ ያኔ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ነገሩ የሚገባን በራሳችን ቃል ከሆነ፣ በራሳችን ፊደል ከመጀመሪያው የማንጽፈው ለምንድን ነው?

በ1894 አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሄንሪ አፐንዜለር ወደ መሠረተው ፔጄ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያም ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ ተማሩ፤ ወጪያቸውን ለመሸፈን በትምህርት ቤቱ ማተሚያ ቤት ይሠሩ ነበር። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መማራቸው ለራሳቸው ቋንቋም ሰዋስው መጻፍ እንደሚቻል አሳያቸው፤ በማተሚያ ቤቱ መሥራታቸው ደግሞ ከፊደሉ ጋር በእጅ አገናኛቸው። በእኔ እምነት ከሁለቱ ይልቅ ወደፊት የወሰናቸው የእጅ ሥራው ነው፤ የሚቀጥለው መልስ ምክንያቱን ያሳያል።

በጋዜጣ ላይ የሠሩት ምን ነበር?

ሚያዝያ 7 ቀን 1896 ሶ ጄፒል «ቶንግኒፕ ሺንሙን»፣ ማለትም «ነጻነት ጋዜጣ» የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ጋዜጣው መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ጊዜ በአራት ገጽ ይወጣ ነበር፤ ሦስቱ ገጾች በኮሪያኛ፣ አራተኛው በእንግሊዝኛ ነበሩ። ኮሪያኛው ክፍል የቻይና ምልክት ሳይቀላቀልበት በአገሩ ፊደል ብቻ ከመጻፉም በላይ፣ ቃልን ከቃል በባዶ ቦታ እየለየ የሚታተም ነበር። ቀድሞ ጽሑፉ ሳይቆራረጥ ይወርድ ስለ ነበር፣ አንባቢው አንዱ ቃል አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር በራሱ መፍረድ ነበረበት። በሁለት ነጥብ ቃላትን እየለየን ለኖርን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ለኮሪያ አንባቢ ግን ትልቅ ለውጥ ነበር።

ጁ ሺግዮንግ በዚህ ጋዜጣ የሒሳብ ሥራና የጽሑፍ እርማት ያዙ። አራሚ የአንድን ቃል ሁለት አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ ሲያገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን መሠረዝ አለበት፤ ሲመርጥ ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል። ጋዜጣው በተጀመረበት ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር የአጻጻፍን አንድነት የሚያጠና ማኅበር ያቋቋሙት ከዚህ የዕለት ተዕለት ችግር ተነሥተው ነው። በ1897 በዚያው ጋዜጣ ላይ ስለ አገሩ ፊደል በሁለት ክፍል ያሳተሙት ጽሑፍ ገና በ20 ዓመታቸው የነበራቸውን ሐሳብ ያሳያል፦ ወጣቶች ዕድሜያቸውን የቻይና ምልክቶችን በመሸምደድ እንዳይጨርሱ፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እንዲዘጋጅ፣ ቃላት ሥራቸው ተጠብቆ እንዲጻፉ፣ ጽሑፍም ከላይ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ጠይቀዋል። ዛሬ የኮሪያኛ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው እነዚህ ጥያቄዎች በሙሉ ተፈጽመው ያገኛቸዋል።

«የቃሉን ሥር ጠብቆ መጻፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ የሥራቸው ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። በኮሪያኛ «አበባ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር «ኮት» ተብሎ ይሰማል። ባለቤትን የሚያመለክተው «ኢ» ሲጨመርበት «ኮቺ» ይሆናል። «ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው «ማን» ሲከተለው ደግሞ «ኮንማን» ተብሎ ይነገራል። እንደ ሰማነው ከጻፍነው አንዱ አበባ ሦስት መልክ ይይዛል፦ አንድ ጊዜ በ«ት»፣ አንድ ጊዜ በ«ች»፣ አንድ ጊዜ በ«ን» ይጨርሳል። ጁ ሺግዮንግ ግን የቃሉ እውነተኛ መጨረሻ «ች» ነው፣ ሌሎቹ ከጎኑ ባሉት ድምፆች ግፊት የተለወጡ ናቸው አሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ኮች» ተብሎ ይጻፍ፣ አንባቢው የድምፁን ለውጥ ራሱ ያውቀዋል። ዓይን ቃሉን በአንድ መልክ ሲያገኘው ትርጉሙን ወዲያው ይይዛል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። «ከእኔ» ብለን እንጻፍ ወይስ «ከኔ»? «የእናቴ» ወይስ «የናቴ»? ስንናገር ሁለቱ አናባቢዎች ተዋውጠው አንድ ይሆናሉ፤ ስንጽፍ ግን «እኔ» እና «እናት» የሚሉትን ቃላት ሙሉ አድርጎ ማሳየት ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እንደ አነጋገሩ ይጻፍ የሚሉም አሉ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ በጥቂት ስፍራዎች ብቻ ሲያጋጥም፣ ኮሪያኛ ውስጥ በየዓረፍተ ነገሩ ማጋጠሙ ነው። ጁ ሺግዮንግ በሙሉ ልብ ከመጀመሪያው ወገን የቆሙ ሰው ነበሩ።

አንድ እንቅፋት ነበረባቸው። በዘመናቸው ልማድ በቃል ክፍል መጨረሻ ላይ ይጻፉ የነበሩት ተናባቢዎች ሰባት ያህል ብቻ ነበሩ፤ «ች» ከእነርሱ ውስጥ አልነበረችም። እርሳቸው ግን ወደ ሴጆንግ አዋጅ ተመልሰው ሲያነቡ፣ ለመጨረሻ ድምፅ የመነሻዎቹ ፊደላት እንደገና ይወሰዳሉ የሚለውን ቃል አገኙ፤ በዚህም ማንኛውም ተናባቢ በመጨረሻ ሊጻፍ እንደሚችል ተከራከሩ። አዲስ ነገር አመጡ የተባሉት ሰው ማስረጃቸው ከ450 ዓመት በፊት የተጻፈ መሆኑ ጠላቶቻቸውን ለመመለስ ሳይረዳቸው አልቀረም።

ኑሯቸውን የሚመሩት በምን ነበር?

በማስተማር ነው። ፔጄን፣ ኢህዋን፣ ሁዊሙንንና ፖሶንግን በመሳሰሉ የሴኡል ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ያስተምሩ ነበር፤ በበጋ ዕረፍትና በእሑድ ቀንም የተለየ የቋንቋ ትምህርት ይሰጡ ነበር። መጻሕፍታቸውንና የማስተማሪያ ወረቀታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲሮጡ ያዩዋቸው ሰዎች «ጁ ፖታሪ»፣ ማለትም «ባለ ጥቅሉ ጁ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ገና ባልነበረበት አገር የምሁርነት ሙያ ይህን ይመስል ነበር፤ ቢሮም፣ የምርምር ገንዘብም የለም፤ ያለው ጥቅሉና ተማሪዎቹ ናቸው።

መንግሥት ጥናታቸውን ተቀብሎት ነበር?

ሊቀበለው ተቃርቦ ነበር። በ1907 በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአገሩን ፊደል የሚያጠና ጉባኤ ሲቋቋም ጁ ሺግዮንግ አባል ሆኑ፤ የፈንጣጣ ክትባትን በማስፋፋት የሚታወቁት ሐኪም ቺ ሶግዮንግም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ጉባኤው የመጨረሻ ዘገባውን በታኅሣሥ 1909 አቀረበ፤ ዘገባው ሥራ ላይ ሳይውል ነሐሴ 29 ቀን 1910 አገሪቱ በጃፓን ተጠቃለለች። «ኩጎ»፣ ማለትም የአገር ቋንቋ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ለጃፓንኛ ተሰጠ፤ ጁ ሺግዮንግም በሚያዝያ 1910 «ኩጎ» በሚል ርእስ ያሳተሙትን ሰዋስው በቀጣዩ ዓመት ርእሱን ወደ «ቾሶንኛ»፣ ማለትም ኮሪያኛ፣ ለውጠው ለማሳተም ተገደዱ። አንድ ምሁር የራሱን መጽሐፍ ስም በግዳጅ ሲለውጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ዋና ዋና መጻሕፍታቸው የትኞቹ ናቸው?

በ1908 ስለ ቋንቋው ድምፆች የጻፉት፣ በ1910 የወጣው ሰዋስውና በ1914 ያሳተሙት «ማሌ ሶሪ»፣ ማለትም «የንግግር ድምፅ» የተባለው ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው መጽሐፍ በአገሩ ፊደል ብቻ የተጻፈ ነው፤ በዚህ ውስጥ «ኑትሲ» ተብሎ የሚነበብ አንድ አሳብ ያቀርባሉ፦ ቃልን ከፋፍለን ከዚያ በታች ልንከፍለው የማንችለው፣ ትርጉም ያለው ትንሹ ክፍል ማለት ነው። በአማርኛ የሥነ ልሳን ትምህርት «ምዕላድ» የምንለው ይህን ይመስላል፤ አንዳንድ የኮሪያ ሊቃውንትም ምዕራባውያን ይህን ጽንሰ አሳብ በሰፊው ከማዳበራቸው በፊት ጁ ሺግዮንግ ደርሰውበት እንደ ነበር ይናገራሉ።

«ሃንጉል» የሚለውን ስም ያወጡት እርሳቸው ናቸው?

በብዛት ተቀባይነት ያለው መልስ አዎን የሚል ነው፤ ስሙን ለሌላው የዘመኑ ጸሐፊ ለቾ ናምሶን የሚሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ። የሚታወቀው ነገር ይህ ነው፦ በነሐሴ 1908 ከሴኡል ዳርቻ ባለው የፖንግዎን ቤተ መቅደስ የመሠረቱት የቋንቋ ጥናት ማኅበር ከአገሪቱ መጠቃለል በኋላ ስሙን እየለዋወጠ ሲሄድ፣ በ1913 «ሃንጉልሞ» ተባለ። «ሃን» ታላቅ፣ አንድ፣ እንዲሁም የአገሪቱን ስም የሚያስታውስ ቃል ሲሆን «ጉል» ጽሕፈት ማለት ነው። «የአገር ፊደል» ማለት በተከለከለበት ጊዜ ከሁሉም የሚስማማ ሌላ ስም ተገኘ ማለት ነው።

መዝገበ ቃላታቸው ምን ደረሰ?

በ1911 ጁ ሺግዮንግና ተማሪዎቻቸው ኪም ቱቦንግ፣ ክዎን ቶክግዩና ዪ ግዩዮንግ «ማልሞይ»፣ ማለትም «የቃላት ስብስብ» የተባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የኮሪያኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ። መምህሩ ሲሞቱና ኪም ቱቦንግም በ1919 ወደ ሻንግሃይ ሲሰደዱ ሥራው ቆመ፤ ሳይታተምም ቀረ። ከረቂቁ የተረፈው የመጀመሪያው ፊደል ክፍል በ2020 በደቡብ ኮሪያ መንግሥት በብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሥራው ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ። በ1921 የተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርታቸውና ተከታዮቻቸው የቋንቋ ማኅበር መሥርተው በ1933 የአጻጻፍ ሥርዓቱን አንድ አድርገው አወጁ፤ መሠረቱም የቃሉ ሥር ይጠበቅ የሚለው የመምህራቸው አሳብ ነበር። ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት እየወጣ በነበረበት በ1942 የጃፓን ፖሊስ የማኅበሩን አባላት ማሰር ጀመረ፤ በጉዳዩ 33 ሰዎች ተወነጀሉ፣ ዪ ዩንጄና ሃን ጂንግ የተባሉት ሁለቱ በእስር ቤት ሞቱ። ለዓመታት የተሠራው የመዝገበ ቃላት ረቂቅም በማስረጃነት ተወሰደ፤ ነጻነት ሲመጣ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመስከረም 1945 በሴኡል ባቡር ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ በሣጥን እንደ ተቀመጠ ተገኘ። ከዚያ ተነሥቶ የመጀመሪያው ጥራዝ ጥቅምት 9 ቀን 1947 ታተመ፤ ስድስቱ ጥራዞች ደግሞ በ1957 ተጠናቀቁ። ያ ሣጥን ባይገኝ ኖሮ የነበረውን ሥራ ከባዶ መጀመር ግድ ይሆን ነበር።

የተሳሳቱበት ነገር አለ?

አለ። ከጥንት ፊደላት አንዱ የሆነውንና በነጥብ ይጻፍ የነበረውን አናባቢ የሁለት አናባቢዎች ጥምር ነው ብለው በጽኑ ያስተምሩ ነበር፤ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ራሱን የቻለ ነጠላ አናባቢ እንደ ነበር አሳይተዋል፤ በጄጁ ደሴት አነጋገር ውስጥ ቅሪቱ እስከ ዛሬ ይሰማል። ለሰዋስው ክፍሎች ያወጧቸው ንጹሕ የኮሪያኛ ስያሜዎችም አብዛኞቹ አልጸኑም፤ የዛሬ ተማሪ ከቻይንኛ ሥር የወጡትን ስያሜዎች ይጠቀማል። ፊደላቱ በቃል ክፍል መሰብሰባቸው ቀርቶ እንደ ላቲን በተርታ ይጻፉ የሚለው ሐሳባቸውም ተቀባይ አላገኘም። ይህን የምናገረው ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ ብቻቸውን ሆነው ይህን ያህል ቦታ ያረሱ ሰው በየቦታው ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

በሰሜንም በደቡብም የሚከበሩት ለምንድን ነው?

ከተማሪዎቻቸው የተነሣ ነው። ቾ ሄዮንቤ በደቡብ ቀርተው ታላቁን ሰዋስዋቸውን በ1937 አሳተሙ፤ ከ1942ቱ እስረኞች አንዱም ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅትን ሲመሩ መጻሕፍቱ በሃንጉልና ከግራ ወደ ቀኝ እንዲጻፉ አደረጉ። ኪም ቱቦንግ ደግሞ ወደ ሰሜን ገብተው የኪም ኢል ሱንግ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ ከ1948 እስከ 1957ም የጠቅላይ ሕዝባዊ ሸንጎ አመራር ሰብሳቢ ሆነው በኋላ ከሥልጣን ተወግደዋል። ሁለቱ በአንድ መምህር ፊት የተቀመጡ ነበሩ።

በእርግጥ ልዩነቶች አሉ። «የጉልበት ሥራ» ለማለት ደቡቡ «ኖዶንግ» ሲል ሰሜኑ «ሮዶንግ» ብሎ ይጽፋል፤ የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ሳይለውጥ መያዝን የመረጠው ሰሜኑ ነው። ይሁንና በሴኡልም በፒዮንግያንግም ያለ ልጅ «አበባ» ብለህ ጻፍ ቢባል፣ እያለ የሚጠራው «ኮት» ነው፣ የሚጽፈው ግን መጨረሻው «ች» የሆነውን ያንኑ ቃል ነው።